ውጤቱ ያስመልሰኛል ብለው የፈሩ እናት

ኦክላንድ ውስጥ አዲስ ለገቡ ስደተኞች የጤና ምርመራ በሚሰራ ክሊኒክ ነርስ ነኝ፣ እና ከስራ ባልደረቦቼ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ውስጥ ያለችው ኤንጀል አይላንድ የምትባል ደሴት ሄደን ነበር። ጀልባው የሚያወርዳችሁ ኤያላ ኮቭ ነው፣ አሁን ሰው ምሳውን ይዞ የሚዝናናበት ሳር ነው ግን ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኳራንቲን ጣቢያ ነበር፣ መርከብ ላይ ፈንጣጣ ከታየ መንገደኛው እዚህ ይወርዳል፣ ልብሱ በእንፋሎት ይታጠናል፣ እሱም ቀኑ እስኪሞላ ይቆያል።

ከዛ በእግር ሄዳችሁ የኢሚግሬሽን ጣቢያውን ታገኛላችሁ፣ ከ1910 እስከ 1940 የሰራ። የቻይና ሰራተኛ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው የ1882 ህግ እስከ 1943 አልተሻረም፣ ስለዚህ ቻይናውያኑ እዚህ ሳምንታት አንዳንዶቹም ወራት ተዘግቶባቸው ባልና ሚስት ተለያይተው ይጠብቁ ነበር። እንጨቱ ግድግዳ ላይ የቀረጹት ግጥም አሁንም አለ፣ ቀለም ተቀብቶበት እንኳን አልጠፋም፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ፊደሉ ከቀለሙ ስር ጎድጎድ ብሎ ይታያል።

እኔን ግን ሙያዬም ስለሆነ ያንገበገበኝ የጣቢያው ሀኪም ቤት ታሪክ ነው። ስደተኞቹ ሰገራ ስጡ ይባሉ ነበር፣ የመንጠቆ ትል ከተገኘባቸው ወደመጡበት ሊመለሱ ይችሉ ነበር። የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ግን ብዙውን ጊዜ እዛው መርከቡ ላይ ታይቶ ያልፍ ነበር። በትል ሰው ይመለሳል እንዴ! እኛ ሀገር ስንቱ ልጅ ይዞት ያደገ ነገር እኮ ነው።

ከተመለስን በኋላ አንድ እናት መጡ፣ የሰገራ መስጫውን እቃ አልቀበልም አሉ። ባልደረባዬ "ፈቃደኛ አይደሉም" ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ቆይ አልኩትና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"እማማ ምን ሆነው ነው?"

"የሆነ ነገር ቢገኝብኝ ይመልሱኛላ ልጄ።"

"ኧረ በፍጹም! በዚህ ምርመራ ማንም አይመልስዎትም፣ ትል ከተገኘ ኪኒን ይሰጥዎታል፣ በቃ።"

"ታዲያ ይሄን ማን ነገረኝ?" አሉኝ ቆጣ ብለው፣ እውነታቸውን ነው፣ ከበር ጀምሮ ግቡ ውጡ ከማለት በቀር ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። እቃውን ተቀብለውኝ ሄዱ።

ነገሩን ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ምርመራው መቅረት አለበት አላልኩም፣ ያስፈልጋል፣ ግን ሰው ሰውነቱን ሲሰጠን ውጤቱ ምን እንደሚያመጣበት ቀድሞ ማወቅ አለበት። ሰዓት የለንም ያለ ነበር፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው አልኩት። አሁን እቃው ከመሰጠቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው በገዛ ቋንቋው ይነገረዋል፣ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ እኔ እጠራለሁ።