ኬሞ ላይ ሆናችሁ የምትወስዱትን ሌላ ነገር አትደብቁ

ኬሞ፣ ማለትም በመድኃኒት የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና፣ የጀመረ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ዱቄት ያመጣል፣ አንዱ የተፈላ ቅጠል፣ ሌላው ደግሞ «ጉበት ያጸዳል» የተባለ እንክብል። እህቴ ስትታከም ከመጡላት ነገሮች አንዱን ጠርሙስ ገልብጬ አየሁት። ከፊቱ በትልቁ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። ከኋላው የቅጠሎች ስም ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንደገባ ግን የለም።

ያመጣላት ሰው ስለሚወዳት ነው ያመጣው። እምቢ ማለት የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ግን «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ነገር እውነት አይደለም። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች የሚብላሉት ጉበት ውስጥ ነው። ቅጠሉም የሚሄደው እዚያው ነው። አንዳንዱ ራሱ ጉበትን ይመርዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጉበት መድኃኒቱን የሚያብላላበትን ፍጥነት ይለውጣል። ፍጥነቱ ከቀነሰ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይጠራቀምና መርዝነቱ ይጨምራል፤ ከጨመረ ደግሞ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይሠራ ይወጣል። ለድብርት የሚወሰደውን ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ዕፅ ለምሳሌ እንይ። በ2002 በወጣ ጥናት፣ ታማሚዎቹ ጥቂት ቢሆኑም፣ ኢሪኖቴካን ከተባለው የኬሞ መድኃኒት ጋር ሲወስዱት ካንሰሩን የሚዋጋው የመድኃኒቱ ክፍል በደማቸው ውስጥ በ42 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሰውየው ኬሞውን በሰዓቱ ወስዷል፣ ማቅለሽለሹንም ችሏል፣ ያገኘው ግን ግማሽ ትንሽ ያለፈ ብቻ ነው።

አረንጓዴ ሻይም አለ። በሲኒ የሚጠጣውን ማለቴ አይደለም። ተጨምቆ በእንክብል የሚሸጠውን ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳለው፣ ካቴኪን ከሚባሉት የሻዩ ንጥረ ነገሮች ዋናው በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት ኢንዛይሞች በደም ውስጥ ከፍ ማለታቸው፣ ማለትም የጉበት መጎዳት ምልክት፣ ታይቷል። የእርድ እንክብልም ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች አሉ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። በኬሞ መካከል የደም ምርመራ ይደረግና የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ ይገኛል። ሐኪሙ ስለ እንክብሉ አልተነገረውም። ታዲያ ምን ያስብ? ወይ ኬሞው ጉበቱን ጎድቶታል፣ ወይ ካንሰሩ ጉበት ገብቷል ብሎ ይጠረጥራል፣ ከዚያም መጠኑን ይቀንሳል፣ ቀጠሮውን ያራዝማል፣ ተጨማሪ ምርመራ ያዛል፣ ቤተሰቡም እስከዚያው እንቅልፍ ያጣል። ዶሴታክሴልን የመሰለ የኬሞ መድኃኒት ደግሞ ቢሊሩቢን (ጉበት ከደም የሚያስወግደው ቢጫ ነገር) ከመደበኛው በላይ ከሆነ ጭራሽ አይሰጥም። አንድ እንክብል ዋናውን ሕክምና አስቆመ ማለት ነው።

ምልክቱም ያሳስታል። ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። የዓይን ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ገላ ያለ ምክንያት ካሳከከ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይደወል።

«ሐኪሙ ይቆጣኛል» ብለው የሚደብቁ ብዙ ናቸው። ኧረ ይቆጣ! ጠርሙሱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። መቼ እንደጀመራችሁ፣ በቀን ስንት እንደምትወስዱ ንገሩት። ካቆማችሁም መቼ እንዳቆማችሁ ንገሩት፤ ሴንት ጆንስ ዎርት ካቆሙት በኋላም እንኳ በጉበት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል።