የብሎክ 14ቷ

ክረምት ላይ እኛ ሰፈር የሚኖር ሰው ሁለት ጫማ ይዞ ነው ከቤቱ የሚወጣው። አንዱ እግሩ ላይ፣ አንዱ ፌስታል ውስጥ። እግሩ ላይ ያለው ቦቲ ነው፣ ፌስታል ውስጥ ያለው የሥራ ጫማ። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ጣፎ ትንሽ ሄድ ብለህ ወደ ውስጥ ስትታጠፍ ደግሞ አስፋልቱም ያበቃል፤ የቀረው ጭቃ ነው። 2008 ላይ የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ ተቀብለን ስንገባ «መንገዱ በቅርቡ ይሠራል» ተብሎ ነበር። አሁንም በቅርቡ ነው የሚሠራው።

ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ቦቲ አውልቀን የሥራ ጫማ እናደርጋለን። እሺ፣ ቦቲው የት ይቀመጥ? ይዤው ልገባ ስል ወያላው «እህት፣ ጭቃውን እዚያው!» ይለኛል። ቁጥቋጦ ሥር ደብቄው ሄጄ ማታ አንድ እግሩን ብቻ ያገኘሁበት ቀን አለ። አንድ እግር ቦቲ የሰረቀ ሰው ምን እንደሚያደርግበት እስካሁን ይገርመኛል።

ይህን ችግር የፈታልን ፖሊስ ነው።

ታክሲ መያዣው አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ውስጧ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው ያላት። የኮሚኒቲ ፖሊስ የምንለው እሷን ነው። እዚያ የተመደበው ሰውዬ አንድ የሰኔ ጠዋት በአንድ እግሬ ቆሜ ጫማ ስቀይር አየኝና «አግዳሚው ሥር አስቀምጪው፣ ማታ ትወስጂዋለሽ» አለኝ። አስቀመጥኩ። በሳምንቱ አሥር ሰው ሆንን። ሐምሌ ላይ አግዳሚው ሥር አልበቃ ብሎ ቦቲው ግድግዳውን ታኮ ተደረደረ፤ የአዋቂ፣ የልጅ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ አንዲት ሮዝም ነበረች። ሊያመለክት የገባ ሰው ጫማ ቤት የገባ ይመስለው ነበር። አለቃው ለቁጥጥር የመጣ ቀን ምን ብሎ እንዳስረዳው እንጃ።

ሳጅን ነበር የምንለው። ማዕረጉን ነው እንጂ ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም የእኛን ስም አይጠራም፣ በብሎክ ነው የሚያውቀን። «ብሎክ 14፣ ዛሬ አመሸሽ!» «ብሎክ 22፣ ልጁ ተሻለው?» ከእኛ ብሎክ ብዙ ሴት ነው ሥራ የሚወጣው፣ ግን ብሎክ 14 እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌሎቹ «የ14ቷ የላይኛዋ» ምናምን ነበሩ። ቀድሜ ቦቲ ስላስቀመጥኩ ይሆናል። ብሎክ 9 ያሉ አንድ አባባ ደግሞ «አንተ የአራዳ ዘበኛ!» እያሉ ነበር የሚጠሩት። በምኒልክ ጊዜ የከተማው ጠባቂ የሚጠራበት ስም ነው፤ አባባም አልደረሱበትም፣ ከአባታቸው የሰሙት ይመስለኛል። እሱ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። በየቀኑ። ቀልዱ እሳቸውንም አልሰለቻቸው፣ እሱንም አልሰለቸው።

ልዋሽ አልፈልግም፣ መጀመሪያ አካባቢ አልወደውም ነበር። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቅዳሜ ግሮሰሪ ውስጥ ጠርሙስ ወርውሮ ሰው ፈነከተ፤ ይዞ ጣቢያ ያሳደረው ሳጅን ነው። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ያላደረግኩት ነገር የለም። «ብሎክ 14፣ የተፈነከተውም እህት አለው» ብሎኝ ሄደ። ሁለት ወር አላናገርኩትም። ቦቲዬን ግን እዚያው ነበር የማስቀምጠው። ጠዋት ሳልሰላመው ገብቼ አስቀምጣለሁ፣ ማታ ሳልሰላመው ገብቼ አነሳለሁ፣ እሱም ምንም አይልም፣ ወረቀቱን ይጽፋል። አንድ ቀን ማታ ቦቲዬን ታጥቦ አገኘሁት። የሁሉም ሰው ታጥቦ ነበር፣ ለእኔ ተብሎ አይደለም፤ ቢሆንም ኩርፊያው እዚያ ላይ አለቀ።

ፖሊስ ሁሉ እንደሱ ነው እያልኩ አይደለም። ጣቢያ ሲባል ሆዱ የሚረበሽ ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል፣ ምክንያትም አለው። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ሰው ነው።

ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው። ከታክሲ መያዣው እስከ ብሎኮቹ ያለው መንገድ በጅምር ሕንፃዎች መሀል ነው የሚያልፈው፣ መብራት የለውም፣ ማጅራት መቺ የሚወደው ዓይነት ነው። ሳጅን ከታክሲ የወረደውን ይቆጥርና አራት አምስት ስንሞላ «እንሂድ» ይላል። ከፊት እሱ ከነባትሪው፣ ከኋላ እኛ፣ እንደ ዶሮና ጫጩት። ጭቃው ውስጥ ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ባትሪውን ወደ ታች አድርጎ ይቆማል። «እዚህ ርገጪ። አሁን እዚህ። ኧረ እዚያ አይደለም!» ተረኛ ባልሆነበት ቀን የሚተካው ልጅ ይህን አያደርግም ነበር፣ እኛም አንጠይቀውም።

በእግር መንገዱ ላይ አንዳንዴ ስለራሱ ያወራል። ትልቁን መንገድ ይዘህ ጣፎን አልፈህ ብትቀጥል ሰንዳፋ ትገባለህ፤ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲው እዚያ ነው። የመኮንንነት ኮርስ ገብቶ ረዳት ኢንስፔክተር መሆን ይፈልግ ነበር። «ሰንዳፋ እኮ ቅርብ ነው» ይላል፣ «ሩቁ ደብዳቤው ነው»። እኛ እንስቃለን። ቢሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚርቅበት አንድ ደብዳቤ አለው።

ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት ካለው ጅምር ሕንፃ ፌሮ ይሰረቃል። ፌሮ ስንት እንደገባ ቤት የጀመረ ሰው ያውቃል። ፌሮ ብቻም አይደለም፣ እኛ ጋ የመብራት ገመድና የፍሳሽ ክዳን ሳይቀር ነው የሚነቀለው፤ ቀን ቆራሌው የሚሰበስበው ሌላ፣ ሌሊት በመኪና የሚጫነው ሌላ። ያን ሌሊት ዝናብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነቅቼ ነበር፣ ለምን እንደነቃሁ አላስታውስም። ፊሽካ ሰማሁ። አንዴ ተነፋ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ። ሦስተኛው ረዘም ያለ ነበር። ከዚያ የመኪና ሞተር ሲያጓራ ሰማሁ። ብርድ ልብሱን ሳብኩና ዞሬ ተኛሁ።

ይኸው ነው። ላሳምረው አልችልም። ስልኬ ትራሴ ሥር ነበር፣ 991 መደወል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን በልቤ «ሳጅን አለ» ነው ያልኩት። ፊሽካው እኮ የሱ ነው። እሱ ካለ እኔ ለምን እነሳለሁ?

ጠዋት የሰማነው እንዲህ ነው። ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ሆኖ መውጫው ላይ ቆመ። ፌሮ የጫነ አይሱዙ መጣ። ባትሪውን አብርቶ እጁን ዘረጋ። መኪናው አልቆመም። የጥበቃው ሰውዬ ጎኑ ተሰብሮ ተረፈ። ሹፌሩና አብረውት የነበሩት ተይዘዋል፤ ስለነሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያን ቀን ጠዋት ሁላችንም እንደ ወትሮው ቦቲያችንን አድርገን፣ ፌስታላችንን ይዘን መጣን። ቆርቆሮ ቤቷ ተቆልፋለች። ሠላሳ የሚሆን ሰው ጭቃ እንደረገጠ ቆመ፣ አንድም ሰው ጫማ አልቀየረም። «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ታክሲ መጣ፣ የገባ የለም፣ ወያላው ግራ ገብቶት ራሱ ዝም አለ። በመስኮቷ አጮልቄ አየሁ። አግዳሚው ሥር አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ነበር፤ የሱ፣ ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ የተወለወለ፣ ካልሲው ተጠቅልሎ ውስጡ የገባ። ቦቲ አድርጎ ነው የወጣው።

እኔ ያን ቀን ቢሮ የገባሁት በቦቲ ነው። አለቃዬ እግሬን አየ፣ ምንም አላለኝም።

ለቅሶው ላይ ትንሽ ችግር ተፈጠረ። ሳጅን ተከራይ ነበር፤ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካሉት ግቢዎች በአንዱ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር። የእኛ እድር አባል አይደለም። የእድሩ ዳኛ ደንቡን አወጡና ድንኳን የሚወጣው ለአባልና ለአባል ቤተሰብ ነው አሉ። ደንቡ እውነትም እንደዚያ ነው የሚለው። የብሎክ 9ኙ አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና «እኔ አባል ነኝ። የሞተው የእኔ ዘበኛ ነው። በእኔ ጻፉት» አሉ። ጻፉት። የአከራዩ ግቢ ስለማይበቃ ድንኳኑ ታክሲ መያዣው ጋ ተተከለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ታክሲዎቹ ወደ ታች ወርደው ነው የጫኑት፣ የተነጫነጨ ወያላ አልሰማሁም። ይህ ራሱ ታሪክ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ስለዚያች ሌሊት ያወራል። «እኔስ እንቅልፍ ጥሎኝ።» «ዝናቡ እኮ ነው፣ ምን ያሰማል?» «ምነው በሰማሁ ኖሮ!» ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው የላይኛዋ ጎረቤቴ መስኮቷ መንገዱ ላይ ነው። ንፍሮዋን እያየች ነበር። እኔም የእኔን አየሁ።

ቀብሩ ላይ ባንዲራ የለበሰ ሳጥን ነበር፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ጓደኞቹ ነበሩ፣ ከዚያ የሕይወት ታሪክ ተነበበ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ሲባል ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከነአያቱ። እዚህ አልጽፈውም፣ ባለቤቱ አትጻፊው ብላኛለች። የነካኝ ሌላም ነገር አለ፣ አንቱታው። 34 ዓመቱ ነበር፣ ከአባባ እስከ ሊስትሮው ልጅ «አንተ» ሲለው የኖረ ሰው ነው፤ ሲሞት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ «ተሰማሩ»፣ «በትጋት አገለገሉ»፣ «በግዳጅ ላይ እያሉ ሕይወታቸው አለፈ» ሆነ። ስለ ቦቲው አንድም ቃል የለም። ከየት ይምጣ፣ ፋይሉ ውስጥ የለም። እናቱ ከገጠር መጥተው ነበር። ሲነበብ አጠገባቸው ያለችውን ሴት «ማንን ነው የሚሉት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ከዚያ ወረቀት መጣ። በሕጉ ከጡረታው 50 በመቶ ለሚስት፣ 20 በመቶ ለእያንዳንዱ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ይከፈላል። ሲነበብ ቀላል ነው። እዚያ ለመድረስ ግን የሞት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት። የተጋቡት በሽማግሌ ነው። ሰርግ አለ፣ ፎቶ አለ፣ የተመዘገበ ነገር የለም። አንድ ቢሮ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳትል «ሚስቱ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» አለቻት። ትንሹ ልጅ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ ነበር። እኔ ስልኬን አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ የምለው ጠፋኝ።

ፍርድ ቤት ምስክር ሲፈለግ ቀረብኩ። በየእሁዱ አራቱም አብረው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለዓመታት አይቻለሁና ውሸት አልተናገርኩም። ግን ስሙን ቀብሩ ላይ የሰማሁት ሰው የትዳሩ ምስክር ሆንኩ ማለት ነው። ዳኛዋ «በምን ታውቂያቸዋለሽ?» አለችኝ። ቦቲዬን ያስቀምጥልኝ ነበር ይባላል እንዴ? «ጎረቤት ነን» አልኩ። ነገሩ ስምንት ወር ፈጀ።

አዲስ ፖሊስ ተመድቧል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ቢሮ ውስጥ ጫማ አይቀመጥም ብሏል፣ ልክ ነው መቼም። ቦቲ አሁን ሊስትሮው ልጅ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ 10 ብር። ማታ ባትሪ ያለው ሰው ያለባትሪውን ይጠብቃል።

ባለፈው እሁድ ሦስተኛ ሙት ዓመቱ ነበር። ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ መዝሙር አሰማችን። ሰው ሲበተን ዕቃ ላጥብ ብዬ ቀረሁ። ባለቤቱ ቡና አፈላች። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ሦስት ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን ያን ጊዜ ተናገርኩ፤ ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር ይሆናል።

«ፊሽካውን ሰምቼው ነበር» አልኳት።

ጀበናውን እንደያዘች ቀና አለች።

«ስንት ጊዜ ነፋ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት» አለች። ቆየት ብላ፣ «ብዙ ነዋ» አለች።

ቶናውን ቀዳችና «አንቺ ስኳር አንድ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ነው አልኳት።