ጀበናው አልሰከነም፦ ደሴ ላይ ፊልም ሳይ

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ዋናው ጉዞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮምቦልቻ ሞቆ ጠበቀኝ፤ ጃኬቴን አውልቄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር መልሼ ለበስኩት። ኮምቦልቻ ከ1900 ሜትር በታች ናት፤ ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። በመሐላቸው ያለው መንገድ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሚኒባሱ እየቃተተ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ ጉም ውስጥ ገባን።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አመቻችተው፣ «ልጄ፣ ለሥራ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ፊልም ለማየት ነው፣ እማማ።»

«ምነው፣ አዲስ አበባ ፊልም ጠፋ እንዴ?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መልሱ ግን አዎ ነው። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ሞልቷል፤ የሚታየው ግን በአብዛኛው የፍቅር ኮሜዲ ነው። በፕሮዲውሰሩ አይፈረድም፤ ገንዘቡን የሚመልሰው በቲኬት ነው፣ ቲኬት የሚያሸጥለት ደግሞ የታወቀ ፊትና ሳቅ ነው። አንድ ልጅ በስልኩ የቀረፀው የ10 ደቂቃ ፊልም እዚያ ማን ያስገባዋል? መጨረሻው ዩቲዩብ ነው፤ ጓደኞቹ ላይክ ያደርጉለትና ያበቃል። ደሴ ላይ ወጣቶች ተሰባስበው እንዲህ በራስ አቅም የተሠሩ አጫጭር ፊልሞችን የሚያሳዩበት ትንሽ ፌስቲቫል እንዳለ ስሰማ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ፒያሳ ስወርድ ጦሳ ተራራ የለም፤ ጉሙ ውጦታል። አልጋ ይዤ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ በባጃጅ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ፕሮግራሙ ከመግሪብ በኋላ ይጀመራል ተብሎ ነበር። እኔ ስደርስ ገና ስክሪን እየሰቀሉ ነው። ስክሪኑ ነጭ አቡጀዲ ነው፤ በደንብ ስላልተወጠረ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይወዛወዛል። ፕሮጀክተሩ የተቀመጠው በተደራረቡ የቢራ ሳጥኖች ላይ ነው፤ አንድ ጎኑ ዝቅ ስላለ ካርቶን አጥፈው ከሥሩ ሸጉጠውበታል። ፊልሞቹ በሙሉ ያሉት አንድ ፍላሽ ላይ ነው። የውጭ ፌስቲቫሎች «ዲሲፒ (ለሲኒማ ቤት የሚዘጋጀውን ዲጂታል የፊልም ቅጂ) አምጡ» ሲሉ እዚህ ያለው ጭንቀት ፍላሹ ቫይረስ እንዳይኖረው ነው።

ተመልካቹን ወድጄዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንቶች አሉ፣ ልጆቻቸው የተወኑበትን ፊልም ሊያዩ የመጡ እናቶች የፊት ወንበሩን ይዘዋል። በሩ አጠገብ ረከቦት ተዘርግቶ ቡና ይፈላል። ገና ሳልቀመጥ ጀባ አሉኝ።

የመጀመሪያው ፊልም ከአዲስ አበባ የተላከ ነበር። በድሮን ይጀምራል። ከተማ ከላይ፣ ፒያኖ፣ አንድ ወጣት መስኮት ላይ ቆሞ ሲያስብ። አሁንም ድሮን። ምን እንደሚያስብ ሳናውቅ አለቀ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ካሜራው የኪራይ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ይሄ ድሮን የሚባል ነገር ለፊልም ሠሪዎቻችን ምን አዚም እንዳደረገባቸው አላውቅም። ጭብጨባውም የይሉኝታ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው 17 ደቂቃ ነው፤ የደሴ ልጆች የሠሩት። ከሳዑዲ የተመለሰች ልጅ እናቷ ቤት ትገባለች። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል። ፊልሙ በሙሉ ያ ቡና ነው። በአቦል ልጅቷ ትዋሻለች፦ ደመወዙ ጥሩ ነበር፣ እመቤቷ ደግ ነበረች። በቶና ዝም ትላለች፤ ጎረቤቶቹ ሻንጣዋን በዓይናቸው ይመዝናሉ። በረካ ላይ እናትየው ሰበብ ፈጥራ እንግዶቹን ትሸኛለች። ከዚያ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ። ልጅቷ እጅጌዋን ትሰበስባለች። ካሜራው እናትየው ፊት ላይ ነው፤ ክንዱ ላይ ያለውን ለእኛ አያሳየንም። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ልጅ ያላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። አዳራሹ ውስጥ አፍንጫ የሚጠርገው ሰው በዛ።

ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ግርግር ነበር። አቦሉ ሊቀዳ ሲል ነው። ጀበናው ከእሳት ይወጣል፣ እናትየውን የምትጫወተው ተዋናይ ታነሳዋለች፣ ትቀዳለች። ከፊት ወንበር አንዲት ጠና ያሉ እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«ሳይሰክን ቀዳችው!»

አዳራሹ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ከጥግ ሆኖ፣ «እማማ፣ ለፊልም እኮ ነው!» አለ።

«ፊልም ቢሆንስ? አተላ ልታጠጣቸው ነው?»

ፊልሙ ሲያልቅ ውይይት ነበርና ሴትዮዋ እጃቸውን አወጡ። የተናገሩት ነገር ከአንድም የፊልም ሐያሲ አልሰማሁትም። «ልጅቷ ብትቀዳው ኖሮ ምንም አልልም ነበር» አሉ። «ሰው አገር ከርማለች፣ ልቧም እዚህ የለም፣ ልትረሳው ትችላለች። እናትየው ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያፈላች ሴት ናት። እሷማ አትሳሳትም።» ዳይሬክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ቡናውን ልጅቷ ብትቀዳው፣ እናትየውም አተላውን አይታ ዝም ብትል፣ በረካ ላይ ከምናውቀው ነገር ግማሹን አቦል ላይ ጠርጥረነው ነበር። ፊልሙ ያለቀለት መስሎኝ ነበር፤ አንድ ጀበና ጎድሎት ኖሯል።

ሦስተኛው የባቲ ገበያ ነው። ባቲ ሰኞ ሰኞ ይቆማል፤ አፋሩ ከቆላ፣ አማራውና ኦሮሞው ከደጋ የሚገናኙበት ትልቅ የከብትና የግመል ገበያ ነው። ስለ ባቲ ብዙ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ይሄን የመሰለ ግን አላየሁም። የሰው ፊት የለበትም። ካሜራው ከጉልበት በላይ አይወጣም። የግመል እግር፣ የጎማ ጫማ፣ ዱላ፣ አቧራ፣ ከነጠላ ጫፍ ሥር ብር የሚቆጥር እጅ። ድምፅ ግን ሞልቷል፦ ክርክር፣ መሐላ፣ ሳቅ፣ የአዛን ጥሪ። ዋጋ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎችን እግራቸውን ብቻ እያየሁ ማን እንደሚሸነፍ አወቅኩ። አንደኛው ተረከዙን ሁለቴ አነሳ።

ልክ ግመሉ ሊሸጥ ሲል መብራት ሄደ።

ወሎ ነውና በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው አምባሰል ያንጎራጉራል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አላንጎራጎረም። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ከፈተ። ጄኔሬተር እስኪመጣ ከባቲው ፊልም ሠሪ ጋር በር ላይ ቆመን አወራን። ገና 20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ለምን እግር ብቻ እንደቀረፀ ጠየቅኩት።

«መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ፊት ነበር የምቀርፀው» አለኝ። «አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። ‹ያነሳን ሁሉ ይዞን ይሄዳል። አምጥቶ ያሳየን ግን የለም› አሉኝ። አፈርኩ። ካሜራውን ዝቅ አደረግኩት።»

ሽማግሌው ያላግባብ አልተናገሩም። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም ደነገጠ። በዓመቱ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያቀላቀለ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ደግሞ ማይክል ቡርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ታየ፤ ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘፈንና ኮንሰርት ሁሉም ያውቀዋል። እነዚያ ምስሎች እህል አስመጥተዋል፣ ነፍስ አትርፈዋል፤ ይሄ አይካድም። የተነሳው ሰው ግን ራሱን አላየም። ወሎ ዓለምን ያንቀጠቀጡ ፊልሞች የተነሱባት አገር ናት፤ ቴሌቪዥን የነበረው ወሎዬ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር።

በውይይቱም ይሄው ነገር ተነሳ። አንድ ጡረተኛ መምህር፣ «የሞትንበትን ዓለም አየው፤ ሠርጋችንንና ገበያችንን ማን ያሳየው?» አሉ። አንዲት ተማሪ ደግሞ መለሰችላቸው፦ «ጋሼ፣ መጀመሪያ እኛ እንየው። ለዓለም በኋላ ይደርሳል።» እኔ ከተማሪዋ ጋር ነኝ። የማልወደውም ያን ዓይነት ፊልም ነው፤ ወሎን ለማሳመር ተብሎ የሚሠራው፣ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ዘፋኝ የሆነበት። ያም ከረሃቡ ፊልም ያልተናነሰ ፊት ይሸፍናል።

ጄኔሬተሩ መጥቶ ግመሉ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ የታዩትን ብዙም አላነሳቸውም፤ አንዱ ስለ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ጥሩ ጅምር ነበረው፣ ሙዚቃው ገደለው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከልጆቹ ጋር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። ጉሙ ተገፎ ጦሳ ወጥቷል። ስለ ድምፅ ጠየቅኳቸው፤ ምክንያቱም የቡናው ፊልም ድምፅ ከአዲስ አበባው ይሻላል። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ማይኩን የመጥረጊያ እንጨት ላይ በፕላስተር ያስራሉ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ይሰቅላሉ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ። በቶናው መሐል ውጭ ባጃጅ አለፈባቸው። ሳውንድ የሚሠራው ልጅ «ቁረጡ!» ሊል ሲል ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይ ዝም ብላ ወደ በሩ ዞር አለች። ተዉት። በፊልሙ ውስጥ ደግሞ የምትወጣበትን የምታሰላ ነው የሚያስመስላት።

ጭቅጭቁ የነበረው ስለ ርዝመት ነው። የካን ፌስቲቫል በአጭር ፊልም ውድድሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም። የእነሱ 17 ነው። ዳይሬክተሩ አንዲት ሰከንድ አልቆርጥም ብሏል። ያሬድ ዘለቀን ጠቀሰልኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላምብ» የተሰኘው ፊልሙ በካን ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። «እሱ ከገባ እኔስ?» አለኝ። ካሜራማኗ ሳቀችበት። «እሱ በሙሉ ርዝመት ፊልም ነው የገባው። አንተ መጀመሪያ የሻንጣውን ሲን ቀንስ።» ልክ ናት። ጎረቤቶቹ ሻንጣውን የሚያዩበት ሲን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ይበቃል።

እኔ ካን ትዝም አላለኝም፤ ትዝ ያለኝ ኃይሌ ገሪማ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረፀው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ያኔ የዩሲኤልኤ ተማሪ ነበር። 16 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ። «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት አጣ። ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ ራሱ አሳየው፤ ሰዉም ተሰለፈ። ይሄን ስነግራቸው ዝምተኛው የባቲ ልጅ ቀና አለ።

«እኔም ባቲ ወስጄ ነው የማሳየው» አለ። «ለሽማግሌው።»

ከዚህ በኋላ ሻይ ቤቱ ገበያ ሆነ። ሰኞ ይሁን አለ አንዱ፣ ሰው የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ሰኞማ ፀሐይ ነው፣ አቡጀዲ ላይ ምን ይታያል አለች ካሜራማኗ። ማታ እንዳይሆን ገበያተኛው ሳይመሽ ይበተናል፤ የአፋሩ መንገድ ሩቅ ነው። የሻይ ቤቱ ባለቤት የባቲ ልጅ ኖሮ ከባንኮኒው ጀርባ ጣልቃ ገባ፦ ከሩቅ የሚመጣው እሑድ ማታውኑ ገብቶ ያድራል፣ ግመሎቹም ያርፋሉ፣ ሰዉም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። እሑድ ማታ ተባለ። አቡጀዲው በሁለት እንጨት ይወጠራል፣ ስፒከር ከኮምቦልቻ ይመጣል።

የቀረው ጄኔሬተሩ ነው። ባለቤቱ ሲደወልለት ለማከራየት አላንገራገረም፤ ነዳጁን ማን ይችላል በሚለው ግን እኔ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ ስነሳም ገና በስልክ ይከራከሩ ነበር።