ሕጉ የታማሚንም ድምፅ ይስማ

ካናቢስ የሚለውን ቃል እናቴ ፊት ደፍሬ አልጠራውም። ለእሷ ጋንጃ ነው፤ ጎረምሳ የሚያበላሽ፣ ፖሊስ የሚያሳድደው ነገር። አልፈርድባትም። ግን የእህቴ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት። ስለ ሕመሙና ከዚህ ተክል ስለሚወጣ መድኃኒት ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ዝም ማለት አቅቶኛል።

እህቴ የምትኖረው መንዝ ነው። ለክትትል ደብረ ብርሃን ሲመጡ የሚያርፉት እኔ ቤት ነው። ልጁ ግራ ክንዱ ላይ ሰፊ ጠባሳ አለ። ምድጃ አጠገብ ጥሎት ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ክብሪት እየጫረ ሲያሸተው፣ ክንዱ ፍም ላይ ማረፉን ቶሎ ያየ አልነበረም። ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ተወስዷል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። እዚያ ያገኘናቸው አንድ አባት «ልጄ፣ ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ኪኒንህንም እንዳታቋርጥ» አሉት። እህቴ ያን ቀን እፎይ አለች። እስከዚያ ድረስ ኪኒን መስጠቷን እንደ እምነት ማጣት ትቆጥረው ነበር።

የሚወስደው ፌኖባርቢታል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑ ታማሚዎች ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። የእኛ ልጅ ከቀሩት ወገን ሆነ። ሁለተኛ መድኃኒት ተጨመረለት፤ አሁንም ይጥለዋል። እህቴ የጣለውን ሁሉ ደብተር ላይ ታሰምራለች። ቀን ከሆነ አጭር መስመር፣ ሌሊት ከሆነ ረጅም። ክረምት ላይ ያሉት ገጾች በረጃጅም መስመር ተሞልተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን ሽሮፕ ፈቀደ። ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ካናቢዲዮል ነው። ጋንጃ አጫሹን የሚያሰክረው ቲኤችሲ ነው፤ ይህ ሌላ ነው። የተፈቀደውም ድራቬትና ሌኖክስ ጋስቶ ለተባሉ፣ በልጅነት ለሚጀምሩ ከባድ የሚጥል ሕመሞች ነበር። ከዚያ በፊት ድራቬት ባለባቸው 120 ልጆችና ወጣቶች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በወር 12.4 የነበረው መካከለኛ የመጣል ቁጥር ወደ 5.9 ወርዷል። ተአምር አይደለም። እንቅልፍ ያበዛል፣ ያስቀምጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ጉበትንም በደም ምርመራ መከታተል ይጠይቃል። የእህቴ ልጅ ሕመም ከእነዚህ አንዱ መሆኑ ገና አልተለየም። ግን ልጇ ሲጥለው በዓይኗ ላየች እናት ከ12 ወደ 6 መውረድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም።

እንግሊዝ አገር ሕጉን ያስከፈቱት እናቶች ናቸው። ሰኔ ወር ላይ፣ እዚያው በ2018፣ ሻርሎት ኮልድዌል የሚጥል በሽታ ላለበት ልጇ ለቢሊ ከካናዳ ያመጣችው የካናቢስ ዘይት ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተወረሰ። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታል ገባ። አገሩ ተነጋገረ፣ መንግሥት ተጨነቀ፣ ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ማዘዝ እንዲችሉ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላም ቢሆን በመንግሥት ሕክምና በኩል ያገኙት ጥቂት ናቸው። ሕግ መውጣቱ ብቻ አይበቃም ማለት ነው።

ወደ እኛ ስመጣ፣ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ከሕግ ውጭ ማምረትን፣ መያዝንና ማዘዋወርን ይቀጣል። ይቅጣ። ማጨስ ይፈቀድ የሚል ሐሳብ የለኝም። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና የሚሆን ካናቢስ እንዲመረት ፈቃድ ሰጥታለች፤ እሱም የእርሻና የንግድ ጉዳይ ነው፣ የእኔ ጥያቄ አይደለም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ልጁ በየቀኑ የሚውጠው ፌኖባርቢታል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1971ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ለካንሰር ታማሚ የሚሰጠው ሞርፊንም ከኦፒየም ይወጣል። ሁለቱንም በሐኪም ማዘዣ ይዘን ወደ ቤት እንገባለን። ሞርፊንንም ካናቢስንም የሚቆጣጠረው እ.ኤ.አ. የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ገና መግቢያው ላይ እነዚህ ነገሮች ሕመምንና ሥቃይን ለማስታገስ አስፈላጊ መሆናቸውን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን 27 ለ25 በሆነ ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዝርዝር አውጥቶታል፤ ቁጥጥሩ ግን አልተነሳም። ታዲያ መንገዱ አለ። በሞርፊን የሄድንበት መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «እታለም፣ እኔ ወጥቼ ብናገር ነገ ማን ልጁን ይሰጠዋል?» አለችኝ። ለጋብቻ ማለቷ ነው። ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ! ግን እውነቷን ነው። መንዝ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ቤት ይታወቃል፣ ይሸሻል። እኛም ልጆቻችንን ጓዳ እየደበቅን ሕግ አውጪው ያውቀናል ብለን መጠበቅ አንችልም።

ስለዚህ ስሟን ሳልጠቅስ እኔ እጽፋለሁ። በመጀመሪያ የምጠይቀው ፌኖባርቢታል ከገጠር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ እንዳይጠፋ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀጥሎ፣ ሁለት መድኃኒት ተሞክሮ ላልያዘለት ልጅ የነርቭ ስፔሻሊስት ካናቢዲዮልን በስሙ ማዘዝ የሚችልበት፣ በግልጽ የተጻፈ መመሪያ ይውጣ። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ በዓመት 32,500 ዶላር ገደማ ነበር። ቢሆንም ዋጋውን ለመከራከር መጀመሪያ መፈቀድ አለበት።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁ ደብተር ያዙ። የጣለውን ቀን፣ የቆየበትን ደቂቃ፣ የወሰደውን መድኃኒት ጻፉ። ስም አያስፈልግም። ሰብስበን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪውና ለወረዳችን የምክር ቤት ተወካይ እናስገባለን። የእህቴ ደብተር ኮፒ ተደርጎ እኔ ጋ ተቀምጧል። ከሱ እንጀምራለን።