ኮምቦልቻ ላይ ከሥራ ሲቀነሱ፦ የስንብት ክፍያ ለማን ይገባል?

አገራችን ውስጥ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል አበል የለም። ከፋብሪካ የተቀነሰ ሠራተኛ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የሚይዘው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገውን የስንብት ክፍያ ነው።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና ጡረታ የማይገባው ሠራተኛ ድርጅቱ ቢዘጋ፣ ቅነሳ ቢደርሰው ወይም ከሕግ ውጭ ቢባረር ይከፈለዋል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ግን፣ በመደበኛው፣ 5 ዓመት ማገልገል አለበት። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲቀነስ «ፈርም» የተባለውን ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል፣ ወረቀቱ ደግሞ የራሱ የመልቀቂያ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። የ3 ዓመት ሠራተኛ ከሆነ ክፍያው በዚያች ፊርማ ሄደ ማለት ነው።

ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። በቀን 100 ብር እያገኘ 3 ዓመት የሠራ 3,000 ሲደመር 2,000፣ 5,000 ብር ይደርሰዋል። ምክንያቱ መዘጋት ወይም ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 6,000 ብር፣ ይታከልለታል።

ገንዘቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ አይቻልም፤ «ነገ ና» እያሉ የሚያመላልሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤም በነፃ ነው የሚሰጠው፣ አብረው ይጠይቁ።