ባለቤት ያጣው 40 እንጀራ

እዚህ ቨርጂኒያ እንጀራ ጋግረው ለሱቆችና ለሬስቶራንቶች የሚያከፋፍሉ አንዲት እናት አሉ፣ ትዕዛዝ የሚመዘግቡበትን የአይፓድ አፕ የሰራሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ ረቡዕ ደወሉና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ለቅዳሜ 340 ይላል፣ እኔ አንድ በአንድ ስደምረው 300 ነው፣ በየትኛው ላቡካ?» አሉኝ። ለካ ባለፈው ቅዳሜም ተርፏቸው የቆጠራው ስህተት የራሳቸው መስሏቸው ዝም ብለዋል። «እትዬ፣ በ300 ያቡኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው፣ ምኑ ጋ እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም። ሊጥ ደሞ ዛሬ ተቦክቶ ነገ የሚታረም ነገር አይደለም፣ ጤፉም ድካሙም የሳቸው ነው፣ እሱ ነው በጣም የከበደኝ።

ማታ ዳታውን ሳየው ለቅዳሜ ደንበኛ የሌላቸው 4 ትዕዛዞች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 10 እንጀራ። ሊስቱ በደንበኛ ስለሚከፋፈል አይታዩም፣ ድምሩ ግን ሁሉንም ይቆጥራል።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ «አዲስ ትዕዛዝ» ሲነካ ኮዴ ወዲያው በኮር ዳታ (የአፕል ዳታ ማስቀመጫ ፍሬምወርክ ነው) ዋናው ኮንቴክስት ውስጥ፣ ማለትም ለውጦች ዲስክ ላይ እስኪጻፉ በሚቆዩበት ቦታ፣ ኦብጀክት (የትዕዛዙን መዝገብ) ይፈጥራል፣ ብዛቱ በዲፎልት 10፣ ቀኑ የሚመጣው ቅዳሜ። የደወለው ሰው ሐሳቡን ሲቀይር እትዬ ካንስል ይነካሉ፣ ፎርሙ ይዘጋል፣ ኦብጀክቱ ግን እዛው ቁጭ ብሏል። ኮር ዳታ ላይ ሴቭ ማለት ያንን አንድ ፎርም ብቻ ማስቀመጥ አይደለም፣ ኮንቴክስቱ ውስጥ ያለውን ለውጥ በሙሉ ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ አፑ ሲዘጋ ያስገባሁት አውቶማቲክ ሴቭ የተተወውንም ጠራርጎ ዲስክ ላይ ያወርደዋል። ሳይቀመጥ እንኳ ተራ ፌች (ዳታ ፈልጎ ማምጣት) በዲፎልት ያልተቀመጡትንም ይዞ ነው የሚመጣው። የኦብጀክቱን አይዲ ፕሪንት ብታደርጉት ይለያል፣ ያልተቀመጠው መጨረሻው ቲ ሆኖ ረጅም ኮድ ይከተለዋል፣ የተቀመጠው ፒ እና ቁጥር ነው።

ከሁሉም የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አፑን ስሰራ ኤረር 1570 ይመጣብኝ ነበር፣ ግዴታ መሞላት ያለበት ነገር ባዶ ነው ማለት ነው። ደንበኛ የለውም እያለ ቁልጭ አድርጎ ሲነግረኝ ይሄ ባዶ ትዕዛዝ ከየት መጣ ብዬ ሳልጠይቅ ሞዴሉ ላይ ደንበኛውን ኦፕሽናል (ባይሞላም የሚያልፍ) አድርጌው አለፍኩ። ያኔ ብጠይቅ ኖሮ እትዬ ጋ ባልደረሰ።

አሁን ፎርሙ የራሱ ቻይልድ ኮንቴክስት (ዋናው ወላጁ የሆነ ሌላ ኮንቴክስት) አለው፣ ከአይኦኤስ 5 ጀምሮ፣ ከ2011 ማለት ነው፣ ያለ ነገር ነው። ካንስል ሲባል ኮንቴክስቱን መጣል ነው፣ ዋናው ምንም አይደርሰውም። ቻይልዱን ሴቭ ማድረግ ብቻውን ግን ዲስክ አያደርስም፣ ወደ ወላጁ ነው የሚያሻግረው፣ ወላጁም ሴቭ መደረግ አለበት፣ ይሄን የረሳ ትዕዛዝ ያጠፋል። ደንበኛውንም ከዋናው ኮንቴክስት አንስታችሁ አታያይዙት፣ ክራሽ ያደርጋል፣ በአይዲው ቻይልዱ ውስጥ አምጡት። ለትንሽ ፎርም ግን እኔ የተጻፈውን በተራ ስትራክት (ከኮር ዳታ ውጭ ባለ የዳታ መያዣ) ይዞ ሴቭ ሲነካ ብቻ ኦብጀክቱን መፍጠር ይሻላል ባይ ነኝ።

ኦፕሽናሉን መልሼ አጠፋሁት፣ ባዶዎቹን ከእትዬ ጋ አንድ በአንድ እያየን ሰረዝናቸው። ከዛ በኋላ ሁለት ሳምንት በደብተርም እየጻፉ አስተያዩት፣ በሁለተኛው ረቡዕ ደውለው «እሱም 280 ይላል፣ እኔም 280» አሉኝ።