ያላጠብኳት ድስት፦ ለጉዳቴ ካሳ የጠየቅኩበት መንገድና የሳትኳቸው ነገሮች

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት አፓርታማ፣ ጉንፋን ለያዘው ባለቤቴ የበግ ቅቅል ጥጄ ነበር። የጣድኩባት ድስት ከዘጠኝ ወር በፊት በኢንተርኔት በ89 ዶላር የገዛናት የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ናት። ሰዓቷ ሲጮኽ እንፋሎቱን አስወጣሁ፤ በክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ፒን መውረዷንም አየሁ። መመሪያው እንደሚለው ፒኗ ከወረደች በውስጡ ግፊት የለም ማለት ነው። እጀታውን ይዤ ሳዞረው ግን ክዳኑ ከእጄ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ መረቁና ካሮቱ ኮርኒሱን መታ፣ የተረፈው በግራ ክንዴና በደረቴ ላይ አረፈ። ድንገተኛ ክፍል ያዩኝ ሐኪም ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ነው አሉኝ።

ሆስፒታል ሳለሁ የባለቤቴ እኅት ከቨርጂኒያ መጥታ ቤቱን አጸዳች። ስመለስ ድስቷን ከነክዳኗ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ጠቅልላ በር ላይ አስቀምጣት ደረስኩ። «ይህን የሰይጣን ዕቃ ዳግመኛ ዓይኔ እንዳያየው» አለችኝ። እኔ ግን መልሼ ወደ ቁምሳጥን አስገባኋት። ስለ ማስረጃ አስቤ አልነበረም፤ ዋስትናዋ ገና አላለቀም፣ 89 ዶላሬን ማስመለስ ፈልጌ ነው። ባላሰብኩበት ምክንያት የሠራሁት ትልቁ ትክክለኛ ሥራ ይህ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን በዋስትና ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት እጅግ ትሑት ነበረች። ንግግራችን እንደሚቀዳ ነገረችኝ፣ ስለ ጤንነቴ ጠየቀችኝ፣ ከዚያም የሆነውን እንድተርክላት ለመነችኝ። እኔም ተረኩላትና እንደ አስተዳደጌ «ምናልባት እኔም ቸኩዬ ይሆናል» ብዬ ጨረስኩ። በእኛ ዘንድ ይህ የጨዋ ሰው አነጋገር ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ ላለመደፍደፍና የሚያዳምጠውን ሰው ላለማስቀየም የሚባል እንጂ የእምነት ቃል አይደለም። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ግን ያው ዓረፍተ ነገር በተከሳሹ ጠበቆች ደብዳቤ ውስጥ፣ በትእምርተ ጥቅስ ተከብቦ፣ «ተጎጂዋ ራሷ እንዳመነችው» ከሚል ሐረግ ቀጥሎ ተጽፎ አገኘሁት። የዚህን ነገር ክብደት የተረዳሁት በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ፣ ማለትም ብዙዎቻችን በምንኖርበት አካባቢ፣ ተጎጂው በራሱ ቸልተኝነት ለጉዳቱ ጥቂት እንኳ አስተዋፅኦ ካደረገ በቸልተኝነት ላይ የተመሠረተው ክሱ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ እንደሚችል ሲነገረኝ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያለው ጥፋት ካሳውን በመጠኑ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ያቺው ሴት አዲስ ድስት በነፃ እንደሚላክልኝ፣ አሮጌዋን ደግሞ «ለምርመራ» እንድመልስላቸው ነገረችኝና መላኪያው የተከፈለበት ወረቀት በኢሜይል ላከችልኝ። ወረቀቱን አትሜ ካርቶኑ ላይ ለጥፌ ነበር። ያስቆመኝ አዲስ አበባ ያለው ጠበቃ ወንድሜ ነው፤ ሊጠይቀኝ ደውሎ ነገሩን ስነግረው «ዕቃውን ከሰጠሻቸው ምን ይዘሽ ልትከራከሪ ነው?» አለኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2085 መሠረት፣ ዕቃ እየሠራ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በአግባቡ በሥራ ላይ ሲውል ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ ይህም ጥፋት ሳይኖር ኃላፊ ከሚያደርጉት ድንጋጌዎች አንዱ እንደሆነ አስረዳኝ። የአሜሪካውን እንደማያውቅ፣ ነገር ግን ሐሳቡ ይለያያል ብሎ እንደማይገምት ነገረኝ። «ደግሞ ይርጋውን ጠይቂ» አለኝ፤ ክስ ሳይቀርብ ካለፈ መብት የሚቀርበትን የጊዜ ገደብ ማለቱ ነው። ይርጋ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት የሰማሁት በቤት ክርክር ብቻ ነበር። በአገራችን ሕግ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ይርጋው ሁለት ዓመት ነው።

ግምቱ እምብዛም ከእውነቱ አልራቀም። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ጥፋትን ሳይጠይቅ ዕቃው ራሱ ጉድለት ነበረበት ወይ ብሎ የሚጠይቀውን የኃላፊነት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይቀበላል፤ በዚህ ደንብ ለሚቀርብ ክስ የእኔ መቸኮል እንደ ቸልተኝነቱ ክስ ሁሉን ነገር የሚያፈርስ አይደለም፣ ምንም እንኳ ዕቃውን ከታሰበለት ውጭ ተጠቅመሻል የሚለው መከራከሪያ አሁንም ሊነሳ ቢችልም። ጉድለቱ ከሦስት በአንዱ ይመጣል፤ ንድፉ ሲታሰብ ጀምሮ አደገኛ ሲሆን፣ ንድፉ ደህና ሆኖ የእኔዋ ዕቃ ብቻ በፋብሪካ ስትሠራ ስትበላሽ፣ ወይም አደጋው ሊነገረኝ ሲገባ ሳይነገረኝ ሲቀር። ይርጋውም በሜሪላንድ ሦስት ዓመት ነው። የባለቤቴ እኅት ያለችበት ቨርጂኒያ ግን የፖቶማክ ወንዝን በድልድይ ተሻግረው የሚደርሱበት ቢሆንም፣ ለአካል ጉዳት ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ያለ ጥፋት የሚለውን ደንብም አይቀበልም፤ ቸልተኝነትን ወይም የዋስትና መጣስን ማስረዳት ያስፈልጋል። ያ ቅቅል እሷ ቤት ተጥዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

የመጀመሪያው ጠበቃ ግማሽ ሰዓት አዳምጦኝ ጉዳዩን አልይዝም አለኝ። በጊዜው ተናድጄበት ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እውነቱን የነገረኝ እሱ ነው። «የዕቃ ክስ ያለ መሐንዲስ ምስክርነት አይቆምም፣ መሐንዲሱ ደግሞ በብዙ ሺህ ዶላር ይከፈላል፤ ቁስልሽ ጠባሳ ሳይተው ከዳነ ወጪው ካሳውን ይበላዋል» አለኝ። ጉድለት መኖሩና መጎዳቴ ብቻ አይበቃም ማለቱ ነው፤ ጉዳቱ የክርክሩን ወጪ መሸከም አለበት። ከአምስት ወር በኋላ ጠባሳዬ እንደማይለቅ የቆዳ ሐኪሟ በጽሑፍ ስታረጋግጥልኝ፣ ሌላ ጠበቃ ከሚገኘው ላይ እንጂ ከኪሴ ላያስከፍለኝ ተስማምቶ ያዘው። ውሉ ላይ ክስ ሳይመሠረት ካለቀ ሲሶው፣ ክስ ከተመሠረተ 40 በመቶው የእሱ እንዲሆን ተጽፏል። ወጪው የሚቀነሰው ከእሱ ድርሻ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ሳልጠይቅ ፈረምኩ፤ በፊት ቢቀነስ ለእኔ ይሻለኝ ነበር፣ ውሉ ግን በኋላ ይላል።

ወሬው በማኅበራችን ሲሰማ ሁሉም ሰው ያነሳልኝ የማክዶናልድን ቡና ነው፤ «አንዲት ሴትዮ ቡና ፈሶባት ሚሊየነር ሆናለች» እያሉ። እኔም አምን ነበር። መዝገቡ የሚለው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በአልበከርኪ የ79 ዓመት እናት እጅግ የሞቀ ቡና ጭናቸው ላይ ፈሶ ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ አደረሰባቸው፤ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ቆዳ ተተከለላቸው። መጀመሪያ የጠየቁት 20,000 ዶላር ነበር፤ የቀረበላቸው 800 ነው። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ 200,000 ዶላር ካሳ ከወሰኑላቸው በኋላ 20 በመቶው የራሳቸው ጥፋት ነው ብለው ወደ 160,000 አወረዱት። ጋዜጣው ሁሉ ያስተጋባውን ድርጅቱን ለመቅጣት የተወሰነውን 2.7 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ዳኛው ወደ 480,000 ዝቅ አደረገው፤ በመጨረሻም ባለጉዳዮቹ በምሥጢር ተስማሙ። ያ ድርጅት ከዚያ በፊት ከ700 በላይ የቃጠሎ አቤቱታ ደርሶት እንደነበር በክርክሩ ላይ ወጥቷል። ይህን ለማኅበርተኞቼ ስነግራቸው አንዱ «እና ስንት ሊሰጡሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መሐንዲሱ ድስቷን የመረመረበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ፤ የሁለቱም ወገን ሰዎች በተገኙበት፣ ከጠበቃው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ወረቀት ተነጥፎ። መረቁ በጠርዟ ላይ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። አለመታጠቧን ሲያይ መሐንዲሱ ፈገግ አለ፤ በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ የት ላይ እንደተሰነጠቀና መረቁ በየት በኩል እንደወጣ የሚነግረው ያ ቆሻሻ ነበርና። ብታጠብ ኖሮ ግማሹ ምስክርነት በማጠቢያው ይፈስ ነበር። ከዚያ በትንሽ መብራት ፒኗን እያንቀሳቀሰ፣ በምግብ ፍርፋሪ ስትያዝ ግፊት እያለ እንኳ ወርዳ እንደምትቀርና ክዳኑን የሚቆልፈው ብረትም በዚያን ጊዜ እንደማይዝ አሳየን። «በጉልበት ከፈትሽው?» ብሎ የድርጅቱ ሰው ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ ተምሬ ነበር፤ «በአንድ እጄ አዞርኩት፣ ዞረ» ብዬ ዝም አልኩ።

የሌሎች ሰዎች አቤቱታም ጠቅሞናል። የሸማቾች ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከ2011 ጀምሮ ማንም ሰው የዕቃ አደጋ የሚያስመዘግብበትና የሌላውን የሚያነብበት የሕዝብ መዝገብ አለው፤ ከእኔዋ ጋር የአንድ ሞዴል የሆኑ ድስቶች ላይ የቀረቡ አቤቱታዎችን ያገኘነው እዚያ ነው። የእኔንም ያስመዘገብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ ነበረብኝ። እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲከማች ዕቃው ከገበያ እንዲሰበሰብ ጥሪ ይወጣል፤ በሜይ 2025 ለምሳሌ ከእኔዋ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ድርጅት ክዳናቸው ግፊት እያለ ሊከፈት ይችላል የተባሉ ወደ 1.8 ሚሊዮን ፕሬዠር ኩከሮች ላይ ጥሪ አውጥቷል። ጥሪ መውጣቱ ግን በራሱ ካሳ አያስገኝም።

ድርድሩ መካከል ላይ ሳለ አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። የእኔን ሞዴል የገዙ ሰዎች ሁሉ በአንድነት የተወከሉበት የቡድን ክስ በስምምነት ሊያልቅ ስለሆነ፣ ቅጽ ለሚሞላ ሁሉ ጥቂት ዶላር ይመለስለታል ይላል። አጭበርባሪ መስሎኝ ልሰርዘው ነበር፤ ጠበቃዬ የመዝገቡን ቁጥር ከፍርድ ቤቱ ጋር አመሳክሮ እውነተኛ መሆኑን ነገረኝ። ሁለቱ መንገዶች በትክክል የተለዩልኝ ያን ቀን ነው። የቡድኑ ክስ «ለገንዘባችን የማይመጥን ዕቃ ሸጣችሁልን» የሚል የገዢ ክስ ነው፤ ማንም መቃጠል አይጠበቅበትም፣ መግዛቱ ይበቃል። የእኔው «ዕቃችሁ አቃጠለኝ» የሚል የተጎጂ ክስ ነው፤ መግዛት እንኳ አይጠይቅም፣ እንግዳ ሆኖ የተቃጠለም ይከሳል። በቡድኑ ክስ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ከውጭ አይቀርም፤ በጊዜው አልገባም ብሎ ካልጻፈ በስምምነቱ ይታሰራል፣ ቅጹን ስላልሞላ ግን ገንዘቡን አያገኝም። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በመረመራቸው ስምምነቶች ቅጽ የሚሞላው ሰው ድርሻ መካከለኛው ግምት 9 በመቶ ብቻ ነው።

ጠበቃዬ ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ያስነበበኝ መብቴን የምለቅበትን አንቀጽ ነው። በእኛው ስምምነት ላይ የአካል ጉዳት ጥያቄ በግልጽ ከመለቀቁ ውጭ ተደርጓል፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ለሃያ ዶላር ስል ክንዴን እሸጥ ነበር። ሞላሁት። ቅጹ በሐሰት መመስከር የሚያስከትለውን ቅጣት አውቆ የሚፈረም ስለሆነ፣ ያልገዙትን ዕቃ ገዛሁ እያሉ የሚሞሉ ወዳጆቼን «ተዉ» እላለሁ። ቅጽ መሙላት በነፃ ነው፤ በ50 ዶላር እሞላላችኋለሁ እያለ በመካከላችን የሚዞረውን ሰውም አልወደድኩለትም።

አሁን ደግሞ ሴቶቹ የሚጠይቁኝ ስለ ሪላክሰር፣ ማለትም ስለ ፀጉር ማለስለሻ ቅባት፣ ነው። በኦክቶበር 2022 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጥናት 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ ፀጉር ማለስለሻን አዘውትረው በሚጠቀሙት ዘንድ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 4.05 በመቶ፣ ጨርሶ ባልተጠቀሙት ዘንድ 1.64 በመቶ እንደሆነ ገምቷል። ከዚያ በኋላ የተነሱት ክሶች ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ቺካጎ ባለ የፌዴራል ዳኛ ፊት ተሰብስበዋል። የተሰበሰቡት ግን ለቅድመ ዝግጅት ነው፤ እያንዳንዷ ክስ የየራሷ ናት፣ የየራሷን ሕመምና የተጠቀመችበትን ዕቃ ማስረዳት አለባት። ስለዚህ «ሃያ ዓመት ተቀብቻለሁ፣ ይገባኛል?» ለምትለኝ መልሴ ጥያቄ ነው፦ ሐኪም ምን በሽታ ነው አለሽ፣ መቼ ነው ያወቅሽው? የምትነግረኝ ቀን ይርጋው ከእሱ ጀምሮ ሊቆጠር የሚችል ስለሆነ፣ ቀጥላ የምትደውለው ለጠበቃ ነው።

የእኔ ጉዳይ በጁን 2024 አለቀ፤ ክስ መሥርተን ስለነበር የጠበቃው ድርሻ 40 በመቶ ሆነ። መጠኑንና የድርጅቱን ስም እንዳልገልጽ ፈርሜአለሁ። ሆኖም ከየ100 ዶላሩ 40 ለጠበቃው፣ 14 ለመሐንዲሱና ለሌላ ወጪ ሄደ። የጤና ኢንሹራንሴም ለሆስፒታል የከፈለውን ከካሳው ላይ ጠየቀኝ፤ ጠበቃዬ ተከራክሮ ካስቀነሰው በኋላ 9 ዶላር ወሰደ። 37 ለእኔ ቀረ፤ ለአካል ጉዳት የተከፈለ ካሳ ስለሆነም የፌዴራል ግብር አልተጠየቀበትም። የቡድኑ ክስ ቼክ ለብቻው በፖስታ መጣ፦ 17 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ድስቷን በስምምነቱ መሠረት ድርጅቱ ወሰዳት፤ ከመሄዷ በፊት ጠበቃው ቢሮ ሄጄ ክዳኗን አንዴ አየሁት። ቅቅል አሁንም እሠራለሁ፣ በተራ ድስት፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።